ጉንዳን ያልነካው ከረሜላ

ሽማግሌው ጫማ ሰሪ የሞተው ከረሜላ አፉ ውስጥ እንደያዘ ነበር። በልኬት ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ሸሚዙ ዝናብ የመታው ይመስል በላብ ርሷል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የእንጨት ፎርማዎች፣ ከእነሱ ስንት ሺህ ጫማ እንደወጣ እንጃ፣ ቁልቁል ያዩታል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ አለ፤ በዙሪያው ቀያይ የከረሜላ ወረቀቶች ተበታትነዋል። ከወዲያኛው ክፍል ደግሞ ሟቹ ገና ሳይቀዘቅዝ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲባላ ይሰማል።

መርማሪዋ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ጣቢያ ውስጥ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ሌባ ነው ይባላል፤ «ሰረቅኩ ብዬ አመንኩላት፤ ለምን እያለች እስከ ምሳ ድረስ ፈጀችኝ» ብሎ። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል፣ ደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟ ጨው ቀንሺ፣ አትቆጪ ብሏታል። ጨዉን ቀንሳለች። ሁለተኛው በዚህ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚቻል ግን ሐኪሙም አልነገራት፣ እሷም አላወቀችው።

«አምቡላንሱ ሲደርስ ትንፋሻቸው ነበረች» አላት የፖሊስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ባለሙያዎቹ ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን ለክተዋል፤ እንዲህ ወርዶ አይቼ አላውቅም። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሊሰጡ ሲሰናዱ ልባቸው ቆመ።»

«የስኳር በሽተኛ አይደሉ እንዴ? እንዴት አነሳቸው?»

«በሽታው ስኳር ያበዛል፣ ኢንሱሊኑ ያወርዳል። ኢንሱሊን ተወግተው ካልበሉ ስኳሩ እየወረደ ሄዶ አንጎል ይራባል። የእሳቸው ኩላሊት ደግሞ ደክሟል፤ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣም። ለልባቸውና ለግፊታቸው የሚወስዱት ክኒንም አለ፤ እሱ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ስለሚያፍን አደጋውን የሚያውቁት ዘግይተው፣ ላብ ሲያጠምቃቸው ነው።»

«አውቀዋል እኮ። ከረሜላ በልተዋል።»

«የገረመኝም እሱ ነው። እንደሳቸው ያለ ሰው ከረሜላ ከአጠገቡ የማያጣው ለዚሁ ነው። ያን ያህል ከበሉ ትንሽም ቢሆን መመለስ ነበረባቸው። ወይ የተወጉት ከመጠን በላይ ነው…»

«ወይ?»

«ወይ እኔ አላውቅም፤ አንቺ እወቂው» አለና ቦርሳውን ዘጋ።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር። የሟቹ እህት ቀድማ ደውላለታለች። «መርፌውን የምትወጋቸው ሚስታቸው ናት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ዛሬውኑ ይዘሻት ነይ» አላት። መርማሪዋ ልትመልስለት ስትል ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ።

ከበሩ ሥር የገባ የጉንዳን ሰልፍ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል። የመጣው ከምግብ ክፍሉ ነው፤ እዚያ ጠዋት በተነሳው ጠብ የተደፋ ሻይ አለ። ሰልፉ ከሽማግሌው ወንበር እግር ሥር የወደቀች፣ ወረቀቷ የተላጠ አንዲት ከረሜላ ጋ ሲደርስ በአጠገቧ ታጥፎ ያልፋል። አንዲት ጉንዳን እንኳ ቆም ብላ አልቀመሰቻትም።

«እስኪመሽ ስጠኝ» አለች አለቃዋን፣ ስልኩንም ዘጋችው።

*

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ሽማግሌው ሰባ አራት ዓመቱ ነበር፤ እሷ አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ናት። ድሮ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ታጥብ ነበር። እሱ አንድ ቀን የጫማ ምስማር እግሩን ወግቶት፣ እግሩ በስኳሩ ደንዝዞ ስለነበር፣ ሳይሰማው ውሎ አደረ። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ጣቱን ሲቆርጡት የምታጥበው እሷ ነበረች። በኋላ አገባት። ከዚያ ወዲህ ነው ወርክሾፑ ስሜት ለሌለው እግር የሚሆን ለስላሳ ጫማ መሥራት የጀመረውና ስሙ የገነነው። ዘመዶቹ ግን «እግሩን እያጠበች ልቡን ሰረቀችው» ከማለት ሌላ ምንም አይሏትም።

«አላለቀሰችም ብለው ነግረውሽ ይሆናል» አለቻት መርማሪዋን። «እነሱ ፊት አላለቅስም። ደስ እንዳይላቸው።»

«ስንት ወጋሻቸው?»

«እንደ ሁልጊዜው። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ነው የምቀዳው። ዛሬም ቆጥሬላቸዋለሁ። ቁርሱን ከፊታቸው አቀረብኩና ጠቡ ተነሳ። ሳህኑን ገፉት፣ ልኬት ክፍል ገቡ፣ ከውስጥ ቀረቀሩት።»

«ሳይበሉ?»

«ጋሼ ሲቆጡ እህል አይቀምሱም። የታወቀ ነው፤ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሜ ለምኛለሁ። ንዴታቸው እስኪበርድ ከረሜላቸውን ይበላሉ፣ ከዚያ ይከፍቱልኛል። ዛሬም በሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በሉ ብዬ ተረጋጋሁ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችው። «ዝም ሲሉኝ በሩን በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ራሳቸውን ስተው ነበር። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ያንቀዋል። ለአምቡላንስ ደወልኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ጠቡን ማን ጀመረው?»

«ልጃቸው፤ ሴቷ። ጠረጴዛ ደብድባ ‹ይሄን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ› አለችኝ።»

«እሷ ከመናገሯ በፊት ማን ተናገረ?»

ሚስትየዋ ቀና ብላ አየቻት። «እሱን እንጃ። እኔ መርፌውን ነቅዬ ገና ሳህን እያቀረብኩ ነበር።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። መርማሪዋ ሥሩን ፍለጋ ወደ ምግብ ክፍሉ አለፈች።

*

ልጅየዋ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታለች፤ ባሏ የወርክሾፑ ቆዳ ቆራጭ አጠገቧ ቆሟል። ጸጥተኛ ሰው ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ጸጥታ እንደ ጥፋት ስለሚቆጠር ጥፋተኛ ይመስላል።

«ያቺን ሴት ለምን እስካሁን አላሰሯትም?» አለች ልጅየዋ። «አባባን በኢንሱሊን ገደለችው። ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሥራዬ ነው።»

«ጠቡን ማን ጀመረው?»

«አክስቴ፣ የአባባ እህት። ባሌን ‹ባዕድ› ብላ ሰደበችው። ዝም ብዬ ልስማ?»

«ምን ተብሎ ነው ባዕድ የተባለው?»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽማግሌው የልኬት ወንበሩን ለእኔ ለመስጠት ወስኖ ነበር። ወንበሩ ማለት ዋናው ሥራ ማለት ነው፤ የበሽተኛውን እግር ዳብሶ የሚለካው፣ ሌላውን የሚያዘው ሰው ማለት ነው። እኔ ለምኜ አልወሰድኩም። ይሄንኑ ስናገር የሽማግሌው እህት ሻያቸውን ደፉብኝ።»

«ማን ጠይቆህ ነው ‹ለምኜ አልወሰድኩም› ያልከው?»

ቆራጩ ወደ ሚስቱ አየ፣ ሚስቱ ወደ መስኮቱ አየች። «የሚስቴ ወንድም» አለ በመጨረሻ። «‹አባባ፣ ወንበርህን ለአማችህ ሰጠኸው አሉ፤ እስክትሞት መጠበቅ አቃተው እንዴ?› አለ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።»

መርማሪዋ ከኪሷ በመሀረብ የጠቀለለቻትን ከረሜላ አወጣች። «ይህቺን ታውቂያታለሽ?»

ልጅየዋ አየቻት፣ አሸተተቻት፣ በጥፍሯ ጫረቻት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ ስኳር የለውም። ማጣፈጫ ብቻ ነው። እኛ መድኃኒት ቤት ለስኳር ሕመምተኞች የምንሸጠው ዓይነት ነው… ከየት አመጡት?»

«ከአባትሽ ወንበር ሥር።»

«አይሆንም! አባባ ጣሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይገባ ያስጠነቀቅኩት እኔ ራሴ ነኝ። የሱ ከረሜላ እኮ ለምላሱ አይደለም፤ ስኳሩ ሲወርድበት የሚያነሳው ነው! ይሄ ምላስ ያታልላል እንጂ ደም ውስጥ ምንም አይጨምርም።» ከዚያ የተናገረችው ለራሷም ገባት መሰል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ አልሰጠሁትም።»

«አልሰጠሁትም ማለት አልሸጥኩም ማለት አይደለም» አለች መርማሪዋ። ልጅየዋ ቀላች። መርማሪዋም አላዘነችላትም፤ ሰውን ሳይጠየቅ የሚኮንን ሰው ሲኮነን ማየት ትንሽ ደስ ይላታል፤ ይህን ለሐኪሟ አትነግረውም።

*

የሟቹ እህት ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷት የግራ ጎኗን ይዞታል። ግማሽ አፏ አይታዘዝም፤ ቀሪው ግማሽ ግን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል።

«ጨው አትብዪ አሉኝ፣ ትንባሆ አታጭሺ አሉኝ፣ አልሰማሁም፤ እነሆ ተጣመምኩ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ወንድሜ ግን ሁሉን ጠብቆ፣ ሁሉን ተመጥኖ ኖሮ ምን ጠቀመው? የምትመጥንለት እባብ ሆነች።»

«እትዬ፣ የወንድምዎ የበኩር ልጅ ጠዋት ጠዋት ቁርስ የሚበላው እዚህ ነው?»

«እሱ? ኧረ ቤቱ ነው። ሚስቱ አብልታ ነው የምትልከው። ከቁርስ በኋላ ነው የሚገባው።»

«ዛሬስ?»

አክስትየዋ አሰበች። ማሰብ ለእሷ ዝም ማለት ስለሆነ ያማታል። «ዛሬ ቀደም ብሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያቺ ሴትዮ መርፌዋን እስክትነቅል ቆሞ አያት፣ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ምነው?»

«አባቱ ይወደው ነበር?»

«ወንድሜ ማንን ይወድ ነበር? ልጁን ሰካራም ይለው ነበር፤ ሠራተኛ ፊት። የልጁ ስፌት መጣመም ጀመረ፤ ወንድሜ ባያይም ጣቱ ያያል። ጫማውን ዳብሶ ‹ይሄ ስፌት ጠጥቷል› ብሎ ወረወረው። ወንበሩንም የነሳው በዚሁ ነው። እኔ ግን የመጠጥ ሽታ ሸትቶኝ አያውቅም፤ አፍንጫዬ ደግሞ አልተጣመመም።»

*

ወርክሾፑ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ሰፊው፣ የሟቹ የበኩር ልጅ፣ አባቱ ሞቶ እንኳ ከአግዳሚው አልተነሳም። በዚህ ወርክሾፕ ቆዳውን አማቹ ይቆርጣል፣ በእጅ የሚሰፋው እሱ ብቻ ነው። ክሩን በሰም ያሻል፣ ወስፌውን ይሰካል፣ ይስባል። ከአጠገቡ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ አለ፤ መርማሪዋ እስክትቀመጥ ግማሹን ጠጣው። ጫማውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ደግሞ አርቆ ያያል። ቀበቶው ላይ ከፋብሪካው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ዘልቆ በወስፌ የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

«ሰው ሞቶ ሥራ ትሠራለህ?» አለችው።

«እሱስ ሰው ታሞ ያሠራ አልነበር? እጁን ያላሳረፈ ሰው ልጅ ነኝ።»

«ጠቡን አንተ ነህ የጀመርከው አሉ።»

«በዚህ ቤት ጠብ አይጀመርም፤ ይቀጥላል እንጂ» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም። «ሁላችንም ጮኽን። እሷ ግን ወጋችው። እኔ መርፌ አልያዝኩም።»

«ከረሜላውንስ? ከጣሳው ወስደህ ታውቃለህ?»

«ልጅ ነኝ እንዴ? ነክቼው አላውቅም።»

ብድግ አለ። «ይቅርታ፣ ውኃ ሽንት…» ብሎ ወጣ፣ ተመልሶ መጣ፣ ጠጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጣ። መርማሪዋ ብቻዋን ስትቀር ያልጨረሰውን ጫማ አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። ስፌቱ መጀመሪያ ላይ እንደ ገመድ ቀጥ ይላል፤ ወደ መሀል ሲደርስ ይስታል፣ እንደገና ይመለሳል። የሰካራም እጅ እንዲህ አይስትም፤ እሱ ከመጀመሪያው ነው የሚስተው። ይህ የደከመ ዓይን ሥራ ነው። እናቷ እንዲሁ ነበረች፤ ውኃ ውኃ እያለች፣ ልብሷ እየሰፋት፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት «መብራቱ ደክሟል» ትል ነበር። መብራቱ አልደከመም ነበር። መርማሪዋ ትዝ ሲላት ተቆጣች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሲመለስ ዓይኗ ከአግዳሚው ሥር ነበር። ከአንድ ያረጀ የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ጥግ ጉንዳን ይወጣል፣ ይገባል። ወጥታ ሳጅኑን ጠራችው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ያለ ትእዛዝ የማይተነፍስ ሰው ነው።

«ያንን ሣጥን እኔ ስጠራህ ይዘኸው ትመጣለህ። እስከዚያ ከአጠገቡ አትለይ።»

*

ቤተሰቡን በሙሉ በቁርሱ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው የገፋው ሳህን እዚያው ነበር፤ ማንም ሊያነሳው አልፈለገም። ሚስትየዋ ከጥግ፣ ከሁሉም ርቃ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ያዢያትና እንገላገል» አለች አክስትየዋ።

«ከመያዜ በፊት ሁላችሁም ጣታችሁን ትወጋላችሁ» አለች መርማሪዋ። የሟቹን የስኳር መለኪያ ለልጅየዋ ሰጠቻት። «አባትሽ ስኳር ነበረበት። በሽታው በዘር ይመጣል፤ የቀረውን ክብደትና ዕድሜ፣ ጭንቀትና መቀመጥ ያግዙታል። ለኪያቸው። ከራስሽ ጀምሪ።»

«ይሄ ምን አገናኘው?»

«ለምን እንደማገናኘው በኋላ ትጠይቂኛለሽ።»

ልጅየዋ ራሷን ለካች። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሰው የምትመክር ሴት ራሷን ለክታ አታውቅም ነበር። አክስትየዋ «ደሜን ልትመጥጡ ነው?» ብላ ጮኸች፤ ደህና ነበረች። ቆራጩም ደህና ነበር። ሰፊው እጁን ከጠረጴዛው ሥር አደረገ።

«እኔ አልወጋም።»

«ፈራህ?» አለ ቆራጩ። ያ ጸጥተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ያለው ስድብ እሱ ብቻ ነው፤ በቃም። ሰፊው እጁን ወርውሮ ዘረጋ፤ እህቱ ወጋችው። መለኪያው ጮኸ። ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው።

«ከአራት መቶ በላይ ነው» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ያውቀዋል» አለች መርማሪዋ። «አያውቅም ብላችሁ አትድከሙ። አሁን ስሙኝ። ሽማግሌው የሞቱት መርፌው ስለበዛ ነው ብላችሁ ነበር። ሚስታቸው መግደል ብትፈልግ በር አትፈልጥም ነበር፤ በዝምታ ብትቀመጥ በቂ ነበር። የሞቱት ሁለት ነገር ስለተገናኘ ነው፤ ኢንሱሊን ተወግተው ስላልበሉ፣ ያዳነኛል ብለው የበሉት ከረሜላም ስኳር ስላልነበረው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። እንዳይበሉ ያደረጋቸው ማን ነው? ጣሳውንስ የለወጠው ማን ነው?»

«መጀመሪያው ሁላችንም ነን» አለ ቆራጩ።

«አይደለም። ሚስታቸው ጠቡን ልጅቷ ጀመረች አለች። ልጅቷ አክስቴ ናት አለች። አክስትየዋ ባዕድ ያለችው አንተ ስለመለስክ ነው፤ አንተ የመለስከው እሱ ስለተናገረህ ነው። ሁላችሁም ጮኻችኋል፤ የጫረው ግን አንድ ነው። በሌላ ቀን ከቁርስ በኋላ የሚመጣው ሰው ዛሬ ቀድሞ መጣ፣ መርፌው እስኪነቀል በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ከዚያ አባቱን በሚያቃጥላቸው ነገር ጀመረ። አባቱ ሲቆጡ እንደማይበሉ፣ ክፍል ገብተው እንደሚቀረቅሩ፣ ከረሜላቸውን እንደሚበሉ በዚህ ቤት የማያውቅ የለም። ሽጉጥ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ቤት ግን አንድ ክፉ ቃል፣ ጊዜው ከተመረጠለት፣ ይበቃል።»

ሰፊው ሳቀ። «ክፉ ቃል ወንጀል ከሆነ አክስቴን እሰሯት።»

«ወደ ጣሳው እንሂድ። እንዲህ ያለ ከረሜላ ማን ይገዛል? ስኳር ያለበት ሰው ነው። ሽማግሌው እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል። ቀሪዎቻችሁ አያስፈልጋችሁም። አንተ ግን ውኃ ትጠጣለህ፣ ትወጣለህ፣ ትገባለህ፤ ከስተህ ቀበቶህን በወስፌ በስተሃል፤ ዓይንህ ደክሞ ስፌትህ ይስታል። ስኳር እንዳለብህ ታውቃለህ፤ ከሰው ትደብቃለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

«ስኳር ስላለብኝ ነው ገዳይ የሆንኩት?»

«አይደለም። አባትህ ባያዩም ወረቀቱን በጣታቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ አዲሱን በአሮጌው ወረቀት ጠቀለልከው። ጣሳው ውስጥ ያልተፈቱ ቀርተዋል።» አንዷን አወጣች፤ የወረቀቷ ሁለት ጫፍ እንደ ክር ተጠምዝዟል። «በጫፉ ላይ ምን አለ? ሰም። ክር የሚያሽ ሰው ጣት ላይ የሚቀር ሰም ነው። ቆራጩ ሰም አይነካም፣ እህትህ አትነካም፣ አባትህ መስፋት ከተዉ ቆይተዋል። አንተ ደግሞ ከረሜላውን ነክቼ አላውቅም ብለኸኛል።»

ሰፊው ጣቶቹን አየ። ከዚያ ወዲያው ጨበጣቸው።

«ግን አንድ ነገር ጎደለኝ» አለች መርማሪዋ። «ከወረቀታቸው የወጡት እውነተኞቹ ከረሜላዎች የት ገቡ? ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላቸው ነበር። ሳጅን!»

ሳጅኑ ሣጥኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክዳኑ ሲከፈት ከተቃናው ምስማርና ከቁርጥራጩ ቆዳ መሀል፣ እርቃናቸውን እርስ በርስ የተጣበቁ ከረሜላዎች ነበሩ፤ ጥቁር እስኪሆኑ ድረስ ጉንዳን ወርሯቸዋል። አክስትየዋ ወንበሯን ወደኋላ ገፋች።

«በዚህ ወርክሾፕ ምንም አይጣልም» አለ ቆራጩ ቀስ ብሎ። «የጠመመ ምስማር እንኳ ይቃናል። ሽማግሌው ዕቃ የጣለ ሰውን በፎርማ ይመታ ነበር።»

«በፎርማ እየተመታ ያደገ እጅ መጣል አይችልም» አለች መርማሪዋ። «አባትህን ልትገድል ስትነሳ እንኳ ትእዛዛቸውን አላፈረስክም።»

ሰፊው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ መታው፣ የአባቱ ሳህን ዘለለ።

«በሽታውን ለእኔ፣ ወንበሩን ለአማች!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት ሰፋሁለት! ዓይኑን ሰጠኝ፣ ጥሙን ሰጠኝ፣ ነገ እግሩንም ይሰጠኝ ነበር፤ ጣቶቹን ሲቆርጡት የያዝኩት እኔ ነኝ! ያ ሁሉ ውርስ ለእኔ ሲሆን፣ ሰው ፊት ሰካራም ብሎኝ ወንበሩን ለባዕድ!»

«ስኳር ነው ብትለው ኖሮስ?» አለች እህቱ። አሁን ታለቅስ ነበር፤ ግን በንዴት። «ሰካራም ነው ብሎ ነው እኮ የነሳህ! ጫማው ለማን ነው የሚሠራው? ለስኳር በሽተኛ አይደለም? አንድ ቃል! አንዲት ቃል ብትነግረው!»

«ለእሱ?» አለ ሰፊው። «ለእሱ ከምነግረው ሰካራም ብባል ይሻለኝ ነበር።» ይህን ብሎ ሁለት እጁን ወደ ሳጅኑ ዘረጋ።

ሳጅኑ ካቴናውን አጠለቀለት። መርማሪዋ አለቃዋ ጋ ደወለችና «ሌላ ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብላ ዘጋች። ራሷን ወቀራት፤ ግፊቷ እንደወጣ አውቃለች።

«ይሄን ያህል ከፍ ብሎ መድኃኒት ካላገኘ ይወድቃል» አለች ልጅየዋ ወንድሟን ሳታየው። «ዛሬውኑ መወጋት አለበት። ማን ይወጋዋል?»

እንደ አንድ ሰው ሆነው ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ፤ አክስትየዋ፣ ልጅየዋ፣ ቆራጩ፣ ካቴና ያጠለቀው ሰፊ ሳይቀር። ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ሕመም ሲጠራ የሚዞሩት ወደ እሷ ነው፤ ልማድ ነበር፤ ጠዋት ገዳይ ያሏት ሴት መሆኗን እንኳ ረስተውታል።

«ልጄ…» አለች አክስትየዋ በግማሽ አፏ። ይህን ቃል ብላት አታውቅም።

ሚስትየዋ ተነሳች። በካቴና ልትወጣበት በነበረው በር ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እኔ ባሌን ነው የምወጋው» አለች። «ባሌን ገደላችሁት። እናንተን ሌላ ሰው ይውጋችሁ።»

ወጣች። በሩን አልዘጋችውም፤ ሌላውም ሰው ተነስቶ አልዘጋውም።